ጠላት የሚያውቀውን ከወገን መሰወር

ጦርነት በገባበት አገር ኹሉ መንግሥት ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የጦሩን ብዛትና የሚጓዝበትን መንገድ፥ የስንቁንና የመሣሪያውን ማከማቻ ለጠላት የሚገልጥ ጽሑፍ እንዳይወጣ መከልከል አገርን የመጠበቅ ሥራ ነውና ይህን የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ጠላት አስቀድሞ ያወቀውን ነገር ወገን ብቻ እንዳያውቀው መከልከል ምስጢር መጠበቅ ሊባል አይችልም። እንዲህ ያለው ክልከላ የሚጠብቀው አገሩን ሳይኾን የሹማምንቱን ስሕተት ነው።

በሩስያ የተደረገው ለዚህ ምስክር ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩስያ ጦር በዩክሬን ላይ በዘመተ ጊዜ፥ የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነገሩን «ጦርነት» ወይም «ወረራ» ብለው የጠሩትን ወዲያው አስጠነቀቀ። ዘመቻው ዐሥር ቀን ሳይሞላው፥ በማርች 4 ቀን፥ ስለ ጦሩ ሐሰት አውርቷል የተባለ ሰው እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በዚያው ወር «ኤኾ ሞስክቪ» የተባለው ራዲዮ ተዘጋ፤ «ዶዥድ» የተባለው ቴሌቪዥን ሥርጭቱን አቋረጠ። ዋና አዘጋጁ ዲሚትሪ ሙራቶቭ በ2021 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉት «ኖቫያ ጋዜታ» ደግሞ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ በደረሰው ጊዜ ኅትመቱን አቆመ።

ማኅበራትም ከዚህ አላመለጡም። በስታሊን ዘመን የተገደሉትንና የታሰሩትን ስም በመመዝገብ የታወቀው «ሜሞሪያል» እንዲፈርስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፥ በዲሴምበር 28 ቀን 2021 ነበር። በ1976 የተመሠረተው የሞስኮ ሄልሲንኪ ቡድንም በጃንዋሪ 2023 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈረሰ።

ከኹሉ ይልቅ የአንድ ሰው ፍርድ ነገሩን ያስረዳል። አሌክሴይ ጎሪኖቭ በሞስኮ የአንድ ሰፈር ምክር ቤት አባል ነበሩ። በማርች 2022 ምክር ቤቱ ስለ ሕፃናት የሥዕል ውድድር ሲመክር፥ በዩክሬን ሕፃናት እየሞቱ እንዲህ ያለ ውድድር ማድረግ እንደማይገባ ተናገሩ፤ ስለዚህም በጁላይ ሰባት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ይህ ንግግር ለጠላት የገለጠው ምስጢር ምንድር ነው? ቦምብ የወደቀበት ሕዝብ ቦምብ እንደ ወደቀበት ያውቃል። እንዳያውቅ የተደረገው ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የላከው የሩስያ አባት ነው።

ክፉ ወሬ የጦሩን ልብ ያዳክማል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በዚያው አካባቢ፥ በክሪሚያ ምድር፥ ከ1853 እስከ 1856 በተደረገው ጦርነት የታየው ሌላ ነው። «ዘ ታይምስ» የተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ወኪሎች፥ ከእነርሱም አንዱ ዊልያም ሐዋርድ ራስል፥ የእንግሊዝ ወታደር በብርድና በበሽታ እንዴት እንደሚያልቅ ጻፉ። አዛዦቹ ተቆጡ፤ ጋዜጣው ግን አልተዘጋም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከአስታማሚዎቿ ጋራ በ1854 ተላከች፤ በጃንዋሪ 1855 የሎርድ አበርዲን መንግሥት ወደቀ። ሹማምንቱ ቢወርዱም አገሪቱ አልተሸነፈችም፤ በ1856 የሰላም ውል ሲፈረም እንግሊዝ ከአሸናፊዎቹ ወገን ነበረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፥ ወታደሩን የጠቀመው የተገለጠው ወሬ ነው።

ደግሞም መሰወር ለጊዜው እንጂ ለዘለዓለም አይኾንም። የሶቪየት መንግሥት በ1979 ጦሩን ወደ አፍጋኒስታን በላከ ጊዜ የሟቾቹን ቁጥር ሸሸገ፤ ለሕዝብ የገለጠውም በ1988 ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሬሳው ወደየቤቱ ይመለስ ነበርና እናቶች ያውቁ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዘግይቶ ሲጠራም የሰወረውን መንግሥት ሳያሳፍር አይቀርም።

ስለዚህ በጦርነት ጊዜ የሚወጣ ሕግ ምስጢር የሚባለውን ነገር በስሙ ለይቶ ይጻፍ፤ ሐሰትና እውነቱንም ራሱ የተወቀሰው ሹም ሳይኾን ነጻ ዳኛ ይመርምር። የሙታንን ስም የሚመዘግብና ስለ እስረኛ የሚጠይቅ ማኅበር እንደ ጠላት አይቈጠር። ሕዝብ ልጆቹን ለአገሩ ሲሰጥ መንግሥት በምላሹ ሊነፍገው የማይገባው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ልጆቹ ምን እንደ ኾኑ ማወቅ ነው።