ያልመጣው ተመልካች፦ ከሰንዳፋ እስከ ስድስት ኪሎ

ስለ ሥዕል ዐውደ ርእዮች በተነሣ ቁጥር «ሕዝባችን ሥዕል የማየት ልማድ የለውም» የሚል አስተያየት ይሰማል። አስተያየቱ በጥናት ሲደገፍ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። መጠይቁ የሚበተነው በዐውደ ርእዩ በር ላይ ከሆነ መልስ የሚሰጠው የመጣው ሰው ብቻ ነው። ያልመጣው ለምን እንደቀረ የሚናገርለት የለም፤ ዝምታው ግን «የፍላጎት ማነስ» ተብሎ ይተረጎማል።

የምኖረው ሰንዳፋ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው አጭር መንገድ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታን ማዕከል በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ እዚያ ለደረሰ ሰው። ከሰንዳፋ የሚነሣ ግን እስከ መገናኛ በሚኒባስ፣ ከመገናኛ ደግሞ በሌላ ታክሲ ይሄዳል፤ መመለሻውም እንዲሁ ነው። ወረፋው ከጉዞው የሚረዝምበት ቀን ጥቂት አይደለም። ከጀርመን ከተመለሱት የገብረ ክርስቶስ ሥራዎች ፊት ቆሜ ዓይኔ ከቀለሙ ይልቅ ወደ ሰዓቴ ሲሸሽ ብዙ ጊዜ ታዝቤዋለሁ። በመካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ለማየትማ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ነው። የዐውደ ርእይ መክፈቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው አመሻሽ ላይ ነው። ሠዓሊው ስለ ሥራው የሚናገረው፣ ጠያቂውም የሚጠይቀው በዚያች ሰዓት ነው፤ የሰንዳፋው ሰው ግን ንግግሩ ሳይጀመር ታክሲ ፍለጋ ይወጣል።

አንድ ጎረቤቴ የሆነ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ እሑድ ቀን ወደ አንድ ጋለሪ ሄዶ የተዘጋ በር ገጠመው። በማግሥቱ ልጆቹ ያወሩት ስለ ሥዕል ሳይሆን ስለ መገናኛ ግርግር ነበር።

ርቀት ለሁሉም ነገር እንቅፋት አለመሆኑ ደግሞ ያስገርማል። በአቅራቢያችን ያለው የለገዳዲ ግድብ ውኃ ከሃምሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. የዋና ከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ መምጣት ጀምሮ፣ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመ። ውኃው ሄዷል፣ ቆሻሻውም መጥቶ ነበር። ሥዕል ግን እስካሁን መንገዱን አላገኘም።

የደቡብ ኮሪያ ተሞክሮ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የአገሪቱ ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1986 ከሴኡል ወጥቶ ወደ ጎረቤት ከተማዋ ግዋቾን ተዛወረ። በዚያ «ራቀን» ያለው የዋና ከተማው ነዋሪ ነበር። የሴኡል ሰው ጣዕም የለውም ተብሎ ነገሩ አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሴኡል መሐል ቅርንጫፍ ተከፈተ። ከምድር ባቡር ጣቢያ ወደ ግዋቾኑ ሙዚየም ተመልካች የሚያመላልስ አውቶቡስም አለ። ሰንዳፋ ላይ እንዲህ ያለ ሕንጻ ይገንባ አልልም፤ እንደ ግዋቾን ሁሉ መንገድ ካልተበጀለት ሕንጻውም ብቻውን ይቆማል። ዐቅምን ያገናዘበው ሐሳብ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራዎቻቸውን ለአንድ ሳምንት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንዲያሳዩ ማድረግ ነው።

«ኑሮ የከበደው ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ይኸው ሰው በየንግሡ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት ቆሞ ሥዕሉን ለልጁ በጣቱ እያመለከተ ሲያስረዳ አይተውት ቢሆን ጥያቄውን የሚያነሡት አይመስለኝም።

ስለዚህ ለተመራማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ የዘዴ ነው። ናሙናው ከበሩ ይልቅ ከመነሻው ይወሰድ። «ሥዕል ይወዳሉ?» ከማለት በፊት «ባለፈው አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ጉዳይዎን ሲጨርሱ ስንት ሰዓት ቀረዎት?» ተብሎ ይጠየቅ። ቡራዩንና ሰበታን ከሰንዳፋ ጋር «የዙሪያ ከተሞች» ብሎ በአንድ ረድፍ ማስፈርም ይቅር፤ የየከተሞቹ ርቀትና መንገድ ለየቅል ነው።

መጠይቁን ሰንዳፋ ታክሲ መያዣው ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መበተን ይቻላል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ መላሾቹ ለመሙላት ጊዜ አያጡም።