«ለምን?» የሚለው ጥያቄም ሕይወት ያድናል

ኮሌራ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው መልእክት ያው ነው፦ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ውሰዱ። መልእክቱ ትክክል ነው። የጎደለው «ለምን?» የሚለው ነው። ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም ባይ ነኝ።

አንዲት እናት ንጥረ ነገሩን በጥብጣ ለልጇ ትሰጣለች። ተቅማጡ ግን አይቆምም። «አይሠራም» ብላ ብትተወው ማን ይፈርድባታል? ንጥረ ነገሩ የወጣውን ይተካል እንጂ ተቅማጡን ወዲያው እንደማያቆም የነገራት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀታችንን ከውስጥ የሚሸፍኑት ሴሎች እያንዳንዳቸው በስስ የስብ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ጨው በዚህ ስብ ውስጥ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ በር ይፈልጋል። በሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው። የኮሌራ መርዝ ክሎራይድ የሚወጣበትን በር ከፍቶ ይተወዋል። ክሎራይድን ሶዲየም ይከተላል፤ ሁለቱን ደግሞ ውኃ። በጽኑ የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ስሙን «አተት» አልነው ኮሌራ፣ የተከፈተው በር ያው ነው።

ደግነቱ መርዙ የማይዘጋው ሌላ በር አለ። ይህ በር ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ያስገባል። እነሱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ሮበርት ክሬን ይህን ሐሳብ ፕራግ ላይ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1971 ደግሞ የባንግላዴሽ ስደተኞች በተጠለሉበት፣ በሕንድ ቦንጋዮን፣ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውኃ አስበጥብጦ በቤተሰቦች እጅ ለሕሙማኑ አስጠጣ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ይህን ያወቀ ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። ውኃ ብቻውን የማይበቃው ጨውና ስኳሩ ስለሌለው ነው። ለስላሳ የማይሆነው ስኳሩ በዝቶ ውኃን ወደ አንጀት ስለሚስብ ነው። ፓኬቱን በተጻፈው ልክ እንጂ በአንድ ብርጭቆ ማወፈር የማይገባውም ለዚሁ ነው። ፓኬት ከጠፋ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለጊዜው ይተካዋል፤ መጠኑን ግን ማዛባት አይገባም።

«ሕዝቡ ይህ ሁሉ ሳይንስ አይገባውም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ለቋንጣ የተነሰነሰ ጨው ከሥጋው ውኃ እንደሚያወጣ፣ የተዘፈዘፈ ባቄላ ውኃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ እናቶቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የጎደለው የሚያስረዳቸው ሰው ነው።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሬዲዮኖቻችን ከትእዛዙ ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ጨውና ስኳሩ አብረው ሲገቡ ውኃውን ይዘው ይገባሉ። ተቅማጡ ባይቆምም መስጠት አታቁሙ።»

መጠጣት ያቃተው፣ የፈዘዘ ወይም ዓይኑ የጎደጎደ ሕመምተኛ ግን ቤት አይቆይም፤ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ይድረስ። በመንገድ ላይም መጠጣት ከቻለ ማጠጣቱ አይቋረጥ።