ስለ ምስጋናና ስለ ዝክር ድግስ



በሰፈራችን «እንደምን አደራችሁ» ተብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል የለም። የእስልምና ተከታይ ጎረቤቶቻችንም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። የታመመው ይላል፤ ኪሱ ባዶ የሆነውም ይላል። ይህን የአፍ ልማድ ብቻ ነው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ሰው ችግሩን ከመዘርዘሩ በፊት ማመስገኑ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴዋን «አኮቴተ ቁርባን» ትለዋለች፤ አኮቴት በግዕዝ ምስጋና ማለት ነው።

ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ከአፍ ምስጋናው ቀጥሎ የሚመጣው ድግስ ነው። እንደሚታወቀው በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን፣ በ21 ማርያምን የሚዘክሩ ቤቶች አሉን። ልጅ ከሕመም ሲነሣ፣ ዐረብ አገር የሄደችው በሰላም ስትመለስ ስለት ይገባል። ደግ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን አሁን አሁን ነገሩ የፉክክር መልክ እየያዘ ሄዷል። ዱሮ አንድ ድፎ ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ ይበቃ የነበረውን፣ እገሌ ሙክት ጥሏልና እኛም እንጣል እየተባለ ብድር ይገባበታል። ኧረ ለመሆኑ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ታጥፎ የሚደገሰው ምን የሚሉት ምስጋና ነው? ፈጣሪ በአራጣ ብር አመስግኑኝ ያለበትን ቦታ እኛ አላየንም።

ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበን ደግሞ የሚጠራው ሰው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 7 ቁጥር 15 ላይ የምስጋና መሥዋዕት ሥጋ በቀረበበት ቀን እንዲበላ፣ ለነገ እንዳይተርፍ ታዟል። እንደ እኛ አስተያየት ትእዛዙ አንድ ነገር ያስገድዳል፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ሙክት በአንድ ቀን ጨርሶ አይበላምና ጎረቤት መጥራት ይኖርበታል። ዛሬማ ፍሪጅ አለ፤ ሥጋው ሳምንት ይከርማል። ዘዳግም ምዕራፍ 26ም የመጀመሪያውን ፍሬ ያቀረበ ሰው ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋር እንዲደሰት ይላል። በሉቃስ ምዕራፍ 14 ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልስልህን ሀብታም ጎረቤት ሳይሆን ድኻውንና አካል ጉዳተኛውን ጥራ ብሏል። የእኛ ዝክር ላይ ታዲያ ማን ይቀመጣል? መቼም በየተራው የሚዘክረው ያው ሰው ነው። አጥሩ ሥር አልጋ ላይ የዋሉት እናት የወጡ ሽታ ብቻ ይደርሳቸዋል።

ሌላም አለ። በሽተኛው በቃሬዛ ወጥቶ ድኖ ሲመለስ ስለቱን ያስገባል፤ ሌሊት የተሸከሙትን ጎረምሶች ግን «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚላቸው ጥቂት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እኮ እስር ቤት ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የላኩለትን ስጦታ ተቀብሎ እግዚአብሔር ደስ የሚሰኝበት መሥዋዕት ነው ብሎላቸዋል። ሰውን ማመስገን ከአምላክ ምስጋና ላይ አይቀነስም።

በመሆኑም የምናቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። አልጋ ላይ የዋሉና ጧሪ የሌላቸው ነዋሪዎች በየትኛው ቤት እንዳሉ የዕድራችን ጸሐፊ ያውቃሉ። ዝክር ወይም ስለት ያለው ሰው ከሁለት ቀን በፊት ጎራ ብሎ ይጠይቃቸው፤ ከድፎው ላይ ቀድሞ የሚቆረሰው ለእነዚያ ቤቶች ይሁን። ስም ዝርዝሩን እዚህ ሰሌዳ ላይ አንለጥፍም፤ የሰው ገመና ነውና።