ድንጉላው የማን ነው? ባዝራዋስ?

የጅማና የጊቤ ነገሥታት የሚታወሱት በፈረሳቸው ስም ነው። አባ ጅፋርም ሆኑ የሊሙ እናሪያው አባ ባጊቦ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም ነበራቸው፤ ሕዝቡ ግን በፈረሳቸው ጠራቸው፣ ታሪክም በዚያው አጸናቸው። በሌላውም የአገራችን ክፍል ልማዱ ያው ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ያሰኛቸው ፈረስ ነው። ጂሬን ኮረብታ ላይ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ስለ ንጉሡ ብዙ ይሰማል። ስለ ፈረሶቹ፣ ዘራቸው ከየት እንደመጣና የልጅ ልጆቻቸው የት እንደደረሱ፣ የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ፈረስ ከዚህ አገር አልጠፋም። ከሰርቦ እስከ አጋሮ፣ ከሰቃ እስከ ሊሙ ገነት ባሉት የቡና ከተሞች አሁንም ሥራ ላይ ነው። ባጃጅ የሚፈራውን የጭቃ መንገድ ጋሪ ይደፍረዋል፤ በለቀማ ወቅት እሸት ቡና ከማሳ ወደ መንገድ የሚያወርደው ብዙ ጊዜ የጋማ ከብት ነው። ገበያ ላይ ፈረስ የሚገዛ ሰውም ሞኝ አይደለም። ከንፈሩን ገልጦ ከጥርሱ ዕድሜውን ይገምታል፣ ኮቴውን አንስቶ ያያል፣ ትንሽ አስጋልቦ ትንፋሹን ያዳምጣል። ዳማ ነው ቦራ፣ ጉራች ነው አምባላይ፣ መልኩን ይመርጣል። አባቱን ግን አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልስ የሚሰጠው የለም። ባዝራዋ የተጠቃችው በጋራ ግጦሽ ላይ ነው፤ የትኛው ድንጉላ እንዳጠቃት የጻፈ ሰው የለም።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የተመራ ጥናት የአገራችንን ፈረሶች በቁመናቸውና በሚኖሩበት አካባቢ ለይቶ በስምንት መድቧቸዋል፤ አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ሰላሌ፣ ኦጋዴን ወይም ዊልዋል፣ እንዲሁም የቁንዱዶ ተራራ የዱር ፈረስ። ከፋ ጎረቤታችን ነው። ሆሮም ከጊቤ ማዶ ነው። በጅማ ስም የተመዘገበ ፈረስ ግን ከስምንቱ ውስጥ የለም። ምናልባት የእኛው ፈረስ የከፋው ዘመድ ይሆናል፤ ምናልባትም በሲራራ ነጋዴ ዘመን ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የገባው ፈረስ ቅልቅል ነው። ማወቅ የሚቻለው ተቆጥሮ፣ ተለክቶ፣ ተጽፎ ሲገኝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የበቅሎ ነገር ነው። በቅሎን አልነቅፍም፤ ለዳገትና ለጭነት አቻ የላትም፣ ዋጋዋም ከፈረስ ይበልጣል። ዋጋዋ ስለሚበልጥም ባለቤቱ ጠንካራዋን፣ ሰፊ ደረት ያላትን ባዝራ ለወንድ አህያ ያቀርባል። ባዝራ 11 ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ነው። ያ አንዱ በቅሎ ከሆነ መካን ነውና የባዝራዋ ዘር እዚያው ያበቃል። በወንዱም በኩል እንዲሁ ነው፤ ቁመናው ያማረ ውርንጭላ ዘር ሳይተካ ይኮላሻል ወይም ገና ሳይጠነክር ለጋሪ ይሸጣል። ታዲያ ለዘር የሚቀሩት የትኞቹ ናቸው? ለበቅሎ ያልታጨችው ደካማ ባዝራና ለሽያጭ ያልተፈለገው ድንጉላ። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ለቤቱ የሚበጀውን እያደረገ፣ በአንድነት ግን ከዓመት ዓመት የባሰውን እየመረጥን ነው።

ጤናውም ከዚህ አይለይም። የጋሪ ፈረስ አንገትና እግር ላይ፣ ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ ተቋጥሮ የሚያብጥና እየፈነዳ መግል የሚያወጣ በሽታ አለ። መነሻው ፈንገስ ነው፤ ልጓምና ኮርቻ በፈጠሩት ቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19,000 በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ በሽታውን በ18.8 በመቶው ላይ አግኝቶታል፤ ከአምስት ፈረስ አንድ ገደማ ማለት ነው። በሽታው የሚመቸው ሞቃትና እርጥበት ያለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለ ቦታ ነው። ጅማ ደግሞ በ1,780 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዝናብ አገር መካከል ተቀምጣለች። በጊዜ ከተያዘ በአዮዲን መድኃኒት ማከም ይቻላል። ሲቆይ ግን ሕክምናው ረጅምና ውድ ይሆናል፤ ባለጋሪውም የዕለት ጉርሱን ስለሚያጣ ፈረሱን ፈትቶ ይለቀዋል። አውራ ጎዳና መካከል ቆሞ መኪና የሚጠብቅ የሚመስለውን የተጣለ ፈረስ ያላየ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

በክንፋም ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታም አለ። ፈረስን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ክትባቱን እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ከውጭ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ዘርና ጤና አብረው ሲጠበቁ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሩቅ አገር ልሂድ። ዊፔት የሚባል ቀጭን፣ እግረ ረጅም ሯጭ ውሻ አለ። ያራቡት የሰሜን እንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ፈረስ የመግዛት አቅም ስላልነበራቸው የእሑድ ውድድራቸው በእሱ ነበር። የድሃ ሰው የሩጫ ፈረስ ይሉታል። ዛሬ ንጹሕ ዝርያ ተብሎ በታላላቅ የውሻ ትርኢቶች ይቀርባል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ክራፍትስ በተባለው የእንግሊዝ ትርኢት ከሁሉም ዝርያ አንደኛ የወጣችው ዊፔት ናት። ለእኔ ግን ከዋንጫው የሚበልጠው ከጀርባው ያለው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ቡችላ አባቱ፣ እናቱ፣ አያቱ ይታወቃሉ፤ ጠንቃቃ አርቢም ከማዳቀሉ በፊት የውሻውን ልብ በሐኪም ያስመረምራል።

መዝገብ ምን እንደሚጠቅም በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። የጡንቻን እድገት የሚገታ ዘረመል አለ፤ የተጓደለውን ቅጂ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ዊፔት ከፈጣኖቹ መካከል ይሆናል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ግን ጡንቻው ከመጠን በላይ ያብጣል፣ የሯጭነት ቁመናውም ይጠፋል። ፈጣንን ከፈጣን እያዳቀለ ወደ ፊት የሄደ አርቢ ያላሰበውን ወለደ። ዛሬ በምርመራ አስቀድሞ ያውቃል። ይኸው ዘረመል በሩጫ ፈረስም ላይ፣ ፈረሱ ለአጭር ርቀት ነው ወይስ ለረጅም የሚሆነው የሚለውን እንደሚወስን በ2010 እ.ኤ.አ. ታውቋል። በዓይን ብቻ የሚመረጥ ዘር የት እንደሚያደርስ አይታወቅም።

እኛም ትርኢት አለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሳየውን ግልቢያ አገር ያያል። በኦሮሚያም በእሬቻና በዓድዋ በዓል ላይ ያጌጠ ፈረስ ማየት ደስታ ነው። ነገር ግን የምናደንቀው ጋላቢውንና ጌጡን ነው። ጅማ ከዚህ አንድ እርምጃ የሚርቅ ዓመታዊ የፈረስ ትርኢት ብትጀምር ደስ ይለኛል። በበሩ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራንና ተማሪዎች ይቁሙ፤ ቆዳውን ይዳስሱ፣ ኮቴውን ይዩ፣ ልቡንና ሳንባውን ያዳምጡ። የታመመ ፈረስ ሌላውን እንዳይበክል ሜዳው ውስጥ አይግባ፤ ባለቤቱም ሳይወቀስ መድኃኒቱን ይዞ ይመለስ። ትልቁ ሽልማት ደግሞ ለድንጉላ አይሁን። አባቱ የታወቀ ውርንጭላ ከጎኗ ላቆመች ጤነኛ ባዝራ ይሁን፤ ያኔ ባለቤቷ ለበቅሎ ከማቅረቡ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ገበሬ የዘር መዝገብ አይገባውም የሚለኝ ሰው ካለ፣ ጎማ ወረዳ ወርዶ የቡና ማሳ ባለቤት ያነጋግር። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲገባ፣ ከጅማ ብዙም የማይርቀው የመልኮ ምርምር ማዕከል በሽታውን የተቋቋሙ እናት ዛፎችን ከየጫካውና ከየማሳው እየለቀመ በቁጥር መዘገባቸው። 74110 እና 74112 ከዚያ የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታሉ። ዛሬ ገበሬው ችግኝ ሲገዛ በቁጥሩ ነው የሚጠራው። የቡናውን ዘር በቁጥር የሚያውቅ ሰው የባዝራውን አባት በስም መያዝ አያቅተውም።

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በአጋሮ፣ በሰርቦና በሊሙ ገነት የባለጋሪዎች ማኅበራትና የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አንድ አንድ ደብተር ይክፈቱ። ባዝራዋ፣ መልኳ፣ ያጠቃት ድንጉላ፣ ቀኑ፣ የተከተበችበት ጊዜ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲው ደብተሮቹን በዓመት አንዴ ይሰብስብ፣ ይለካ፣ ያወዳድር። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ስለሆነ ደብተሩ ዘንድሮ ቢከፈት አባቱ የታወቀ የመጀመሪያው ውርንጭላ በሚመጣው ዓመት ይወለዳል።