ዕዳው ሳይከፈል የተሻረ ጀግና

ለመሆኑ የአንድ ታሪክ ባለቤት ማን ነው? የጻፈው ነው? ያሳተመው ነው? ወይስ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የተከተለው? ይህ ጥያቄ ስለ ልብ ወለድ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ወድቋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ብዙዎቹ የሥነ ጽሑፍ ሰዎቻችን «የልጆች ነገር» ብለው ስለሚያልፉት ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ከጨዋታም ስለ አንድ ዓይነቱ፤ ተጫዋቹ በምናብ ዓለም ውስጥ የአንድን ሰው ሕይወት ተረክቦ ስለሚኖርበት የሚና ጨዋታ። የምሟገትለትም ነጥብ አንድ ነው። ጨዋታ ሠሪዎች ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ሲሻገሩ ዋናውን ገጸ ባሕርይ መለወጥ መብታቸው ነው። ያስጀመሩትን ጉዳይ ሳያስጨርሱት ሲሽሩት ግን እምነት ያጎድላሉ።

ጉዳዩ እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በየሰፈራችን ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በብዛት የሚዘወተረው እግር ኳስ ነው። እዚያ አንድ አጥቂ ክለብ ቢቀይር የሚያለቅስለት የለም፤ ሌላ ይሰለፋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። በሚና ጨዋታ ግን ለባለታሪኩ ስም የሚያወጣለት ተጫዋቹ ነው። ፊቱን የሚቀርጸው፣ ዘሩንና ፆታውን የሚመርጠው፣ ማንን እንደሚምር፣ ማንን እንደሚቀጣ፣ ማንን እንደሚያፈቅር የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያም ለብዙ አሥር ሰዓታት አብሮት ይኖራል። የልብ ወለድ አንባቢ የሌላውን ሥራ ይመሰክራል፤ ተጫዋቹ ግን ራሱ ይፈጽማል፣ ኃላፊነቱንና ጸጸቱንም ይሸከማል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ ግማሹ የደራሲው፣ ግማሹ የተጫዋቹ ነው። የጋራ ንብረት ደግሞ በአንድ ወገን ፈቃድ ብቻ አይሸጥም።

ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ ያወጣው ድራገን ኤጅ ለዚህ ክርክር የተፈጠረ ይመስላል። አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ለአራቱም አራት የተለያዩ ባለታሪኮች ተሹመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኦሪጂንስ ግሬይ ዋርደን በሚባል ጥንታዊ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ፈረልደን የተባለችውን አገር ከጥፋት የሚያድን ሰው ይሰጠናል። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከዚያች አገር ተሰዶ ኪርክዎል በተባለች ከተማ ኑሮውን የመሠረተውን ሆክን ያስከትላል። በ2014 ኢንኩዊዚሽን መጣ፤ ባለታሪኩም ኢንኩዊዚተር ተባለ። በ2024 ደግሞ ዘ ቬይልጋርድ ሲወጣ መድረኩ ሩክ ለሚባል አዲስ ሰው ተሰጠ።

በመጀመሪያው ሹም ሽር ላይ አቤቱታ የለኝም። ዋርደኑ የተነሣበትን ጦርነት ድል አድርጎ ጨርሷል፤ ተጫዋቹ ከመረጠም በመጨረሻ ሕይወቱን ሰጥቷል። የሞተን ሰው ከመቃብር አውጥታችሁ አዝምቱልኝ የሚል የለም። ሆክም የመጣው የራሱን ቤተሰብና የራሱን ችግር ይዞ ነው፤ የማንንም ጠላት አልወረሰም።

ሆኖም ያኔም ቢሆን የሚከነክን ነገር ነበር። በሦስተኛው ክፍል፣ በሕይወት የተረፈው ዋርደን ከሩቅ አገር ደብዳቤ ይልካል። ዋርደኖችን ሁሉ በመጨረሻ ለሞት ከሚጠራው ዕጣ መዳኛ እየፈለገ መሆኑን ይገልጻል። ደብዳቤውን ሳነብ ግራ ተጋባሁ። ይህ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ቃሉን ግን አልጻፍኩትም፤ ወደዚያም አገር አልሄድኩም። አንድ ሰው በስሜ ፈርሞ ለእኔው ላከልኝ! ያም ሆኖ ታለፈ። ጉዳዩ ትልቅ ቢሆንም የዳር ነገር ነበርና።

ዋናው በደል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኢንኩዊዚሽን ውስጥ ሶላስ የሚባል አስማተኛ አለ። የባለታሪኩ ጓድና አማካሪ ነው፤ ተጫዋቹ ሴት ኤልፍ ከመረጠ ደግሞ ፍቅረኛም ሊሆን ይችላል። በ2015 በወጣው ትሬስፓሰር በተባለው ተጨማሪ ክፍል ግን ማንነቱ ይገለጣል። የጥንቱ የኤልፎች አምላክ ተብሎ የሚፈራው «አስፈሪው ተኩላ» እሱ ራሱ ኖሯል። የመከራው ሁሉ መነሻ የሆነው ኃይል የእሱ ነበር፤ በኢንኩዊዚተሩ እጅ ላይ ታትሞ ሊገድለው የደረሰውም ምልክት ከዚያው የመጣ ነው። አሁን የመናፍስትን ዓለም ከሰው ዓለም የሚለየውን መጋረጃ ቀድዶ የጠፋውን የኤልፎች ዘመን ሊመልስ አስቧል፤ ዋጋው የዛሬው ዓለም ቢሆንም። ኢንኩዊዚተሩ በዚያች ዕለት እጁን ያጣል። ከዚያም ተጫዋቹ ይመርጣል፤ ይህን ጓደኛ በማንኛውም መንገድ አቆመዋለሁ ይላል፣ ወይም ከራሱ አድነዋለሁ ብሎ ይምላል። የመጨረሻው ትዕይንት ካርታ ላይ የተሰካ ጩቤ ነው።

አንባቢ ይፍረደኝ። መሐላ ካስማሉኝ በኋላ መሐላውን ማን ይፈጽመው?

ዘጠኝ ዓመት ተጠበቀ። ቬይልጋርድ ሲመጣ ሶላስን የሚያሳድደው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ሩክ ሆነ። ከቀደሙት ክፍሎች ከተደረጉት ውሳኔዎች ሁሉ አዲሱ ጨዋታ የሚጠይቀው ሦስቱን ብቻ ነው፤ ኢንኩዊዚተሩ ማንን አፈቀረ፣ ድርጅቱን አፈረሰ ወይስ አቆየ፣ ስለ ሶላስስ ምን ብሎ ማለ? ያነገሥናቸው ነገሥታት፣ የማርናቸውና የቀጣናቸው ሰዎች ከቁጥር አልገቡም። እጁን የሰጠው ሰው ራሱ እንግዳ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ምክር ይሰጣል፤ ይመለሳል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው።

ለሩክም ፍትሕ ልስጠው። እሱም የራሱ ዕዳ አለው። የሶላስን ሥርዓት ሲያጨናግፍ ታስረው የነበሩ ሁለት ክፉ አማልክት አምልጠዋል፤ እነሱን ማሳደድ የእሱ ተገቢ ሥራ ነው። ጨዋታው በእነሱ ቢያልቅ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። የታሪኩ መቋጫ ግን ሶላስ ነው። ልብ በሉ፤ ተጫዋቹ ሶላስን የማዳንን መንገድ ሲይዝ፣ በዚያ የመጨረሻ ትዕይንት ኢንኩዊዚተሩ መጥቶ ፊት ለፊት ያናግረዋል። ለእኔ የጨዋታው ሁሉ ጉልበት ያለው እዚያች ጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው የጉዳዩ ባለቤት ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የሚቀርቡትን መከላከያዎች ልመርምር። አንደኛው «ድራገን ኤጅ የዓለሙ ታሪክ ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም» የሚለው ነው። መልካም። ታዲያ ዓለሙ ባለታሪክ ከሆነ በዓለሙ ላይ ያደረግነው ሁሉ ለምን ወደ ሦስት ጥያቄ ወረደ? ሰውየውንም ዓለሙንም ወስዶ «ታሪኩ የዓለሙ ነው» ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛው «የእያንዳንዱ ተጫዋች ጀግና ስለሚለያይ፣ አንዳንዱም ስለሞተ፣ መቀጠል ያስቸግራል» የሚለው ነው። ይህን ያፈረሰው ያው ኩባንያ ነው። ማስ ኢፌክት በተባለው የጠፈር ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2010 እና በ2012 ሼፐርድ የተባለውን ባለታሪክ ሦስት ጨዋታ ሙሉ ይዞ ዘልቋል። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ሼፐርድ ሊሞት ይችላል፤ ያ ተጫዋች ያን ሼፐርድ ወደ ሦስተኛው ይዞ መሻገር አይችልም። ጨካኝ ግን ሐቀኛ ሕግ ነው። ስለዚህ አይቻልም አትበሉን፤ አልፈለግንም በሉን።

ሦስተኛውና እውነተኛው ምክንያት ገበያ ነው። አዲስ ገዢ የድሮውን ሳያውቅ እንዲገባ አዲስ ፊት ያስፈልጋል ይባላል። አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በጃንዋሪ 2025 ሲናገር፣ በሩብ ዓመቱ ቬይልጋርድን የተጫወተው ሰው 1.5 ሚሊዮን ያህል መሆኑንና ይህም ከተጠበቀው በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑን ገልጿል። ለዚህ ጀግና መቀየሩ ብቻ ተጠያቂ ነው አልልም። አዲሱን ገዢ እናመጣለን ተብሎ የድሮው ሲገፋ ግን አዲሱም በሚፈለገው ልክ አልመጣም።

ገበያን ፈርቶ ባለታሪክን መለወጥ በጃፓንም ታይቷል። ፋይናል ፋንታሲ በየቁጥሩ ዓለሙንም ሰውንም አብሮ ስለሚለውጥ በክፍሎቹ መካከል የሚቀር ዕዳ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አሥራ ሁለተኛው ግን በመጀመሪያ የታቀደው ባሽ በተባለ ጎልማሳ የጦር አዛዥ ዙሪያ ነበር፤ ንጉሡን ገደለ ተብሎ በሐሰት የተከሰሰ ሰው። አዘጋጆቹ ከዚያ ቀደም በጎልማሳ ጀግና የሠሩት ቫግራንት ስቶሪ እንዳሰቡት ስላልሆነላቸው፣ ቫን የተባለ ወጣት ኋላ ፈጥረው ወደ ፊት አወጡት። ውጤቱን ለተጫወተው መንገር አያስፈልግም። ክሱ የባሽ ነው፤ ዙፋኑ የልዕልት አሼ ነው፤ ቫን ግን በሰው ሠርግ ላይ እንደተገኘ እንግዳ ቆሞ ያያል።

ታዲያ በወጉ መለወጥ ይቻላል? ይቻላል። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ከአንድሬ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት በተነሣው ዊቸር በሦስት ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2011 እና በ2015፣ ያመላለሰን ጌራልትን ነው። በ2016 በወጣው የመጨረሻ ተጨማሪ ክፍል የወይን እርሻና ቤት ሰጥተው አሳረፉት። በዲሴምበር 2024 አራተኛው ጨዋታ ይፋ ሲሆን ባለታሪኳ እንደ ልጁ ያሳደጋት ሲሪ እንደምትሆን ታወቀ። ሲሪን ከመጻሕፍቱ ጀምሮ እናውቃታለን፤ በሦስተኛው ጨዋታም አንዳንዱን ምዕራፍ በእሷ ተጫውተናል። የራሷ ጠላት፣ የራሷ ቁስል አላት። ያኔ የተቃወመ አልጠፋም፤ እኔ ግን አልተቃወምኩም። አባት ጉዳዩን ጨርሶ ዐረፈ፤ ልጅ ተነሣች። ውርስ ይሏል ይህ ነው።

ጨዋታ ሠሪዎች አዲስ ሰው ከመሾማቸው በፊት አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁ ይበቃኛል፤ ይህ ጠላት የማን ነው? የአዲሱ ከሆነ ይሹሙት፣ እኛም እንከተለዋለን። የቀድሞው ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይጨርስ። አንድ እጅ የቀረው ቢሆንም ይጨርስ። ሲጨርስ በክብር እናሰናብተዋለን። እስከዚያው ግን ጀግናው ግማሹ የእኛ ነውና፣ ሳንጠየቅ አትሻሩብን።