«እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚለው ምክር የማን ልጅ ላይ ይወድቃል?

አሜሪካ ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገሩ ብዙ ወላጆች ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ሲነገራቸው አንድ ምክርም አብሮ ይመጣል፦ «ቤት ውስጥ ስፓኒሹን ተዉት፤ ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል።» መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አስተማሪ ነው፣ ሐኪም ነው፣ አንዳንዴም የገዛ ዘመድ ነው። ምክሩ ግን ስህተት ነው። በጉዳዩ ላይ በተደጋጋሚ የተሠሩ ጥናቶች፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሁለት ቋንቋ እየሰሙ በማደጋቸው ብቻ የቋንቋ እድገታቸው ወደ ኋላ ሲቀር አላገኙም።

እንዲያውም ጉዳቱ ያለው ቋንቋውን በመተው ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ኤቢኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የባህሪ ሕክምና በሰፊው የታወቀው፣ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኢቫር ሎቫስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ነው። (ሎቫስ በመጀመሪያ ዓመታት ሥራቸው ልጆችን በጥፊና በኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር ይቀጡ ነበር። ዛሬም ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ሕክምናውን አጥብቀው የሚተቹት ያለ ምክንያት አይደለም።) መሠረቱ ቀላል ነው፤ ውጤት ያስገኘ ባህሪ ይደጋገማል፣ ውጤት ያላስገኘ እየጠፋ ይሄዳል።

አሁን አንድ የአራት ዓመት ልጅ እናስብ። ሲጨንቀው ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ክሊኒክ ውስጥ በብዙ ልፋት፣ ራሱን ከመምታት ይልቅ «ብሬክ» ብሎ እረፍት መጠየቅን ተማረ። ባለሙያዋ ቃሉን በሰማች ቁጥር ሥራውን አቁማ ታሳርፈዋለች። ማታ ቤት ሲገባ የምትጠብቀው አያቱ ናት። አያቱ ከስፓኒሽ ሌላ አትሰማም። «ብሬክ» አላት፤ አልገባትም። ደገመላት፤ ፈገግ ብላ ምግቡን አቀረበችለት። ራሱን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጭ ግን ሮጣ አቀፈችው። ልጁ ከዚህ ምን ተማረ? ቃል እንደማይሠራ፣ ግድግዳው ግን እንደሚሠራ። ሕክምናው ቤት ውስጥ በተቃራኒው ተሰጠ ማለት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የአያትየዋ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ከስፓኒሽ ተናጋሪ ቤት የመጣች አንዲት ሕፃንን በሁለቱም ቋንቋ አስተምሮ አነጻጽሯል። በስፓኒሽ ስትማር ትክክለኛ መልሷ በዛ፣ አስቸጋሪ ባህሪዋም ቀነሰ። በአንዲት ልጅ ላይ የተሠራ ጥናት ሁሉን አያረጋግጥም፤ የሚጠቁመው አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

«ስፓኒሽ እንናገራለን» የሚል ማስታወቂያስ? እዚህ ጋ ነው ጠለቅ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው። ከልጁ ጋር የምትቀመጠው ረዳት ባለሙያ ለምስክር ወረቀቷ የምትወስደው ሥልጠና 40 ሰዓት ነው። ልጁን መዝኖ ዕቅዱን የሚጽፈው ማስተርስ ያለው ተቆጣጣሪዋ ነው። ስፓኒሽ የምትችለው ረዳቷ ብቻ ከሆነች ምዘናው በእንግሊዝኛ፣ ዕቅዱ በእንግሊዝኛ፣ የወላጆች ሥልጠናም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከዚያ የአሥር ዓመት እህቱ ተጠርታ የወንድሟን ችግር ለእናቷ ታስተረጉማለች። ይህ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሕክምና አይባልም።

በቂ ባለሙያ የለም የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። ግን ሁለት ቋንቋ መቻል እንደ ሙያ ካልተከፈለበት ባለሙያውም አይበረክትም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል የሚለውም ልክ ነው፤ ቢሆንም እንግሊዝኛውን መጨመር አንድ ነገር ነው፣ የቤቱን ቋንቋ መቀማት ሌላ።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ኦቲዝም እንዳለባቸው የተለዩ የሂስፓኒክ ልጆች ምጣኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጮቹ በልጦ ታይቷል። ለዓመታት ሳይታዩ የቀሩ ልጆች ገና መቆጠር መጀመራቸው ነው። በዚሁ ጊዜ፣ በመጋቢት 2025፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሲያደርጉ፣ ከ2000 ጀምሮ ለቋንቋ አገልግሎት መሠረት የነበረውን የክሊንተን ትዕዛዝ ሻሩ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን አልተሻረም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉም ልጁ ትክክለኛ ውጤት በሚሰጥበት ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል።

ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ስፓኒሽ እንዲህ ከሆነ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ክሊኒክ የሚመርጥ ወላጅ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪም ሆነ ሐበሻ፣ ከማስታወቂያው አልፎ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ «ዕቅዱን የሚጽፈው ሰው አያቱን ማነጋገር ይችላል?»