ደቀ መዝሙርነት ከጥምቀት ማግስት

በወለጋ ከተሞች በሚገኙ ብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች፣ ከነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር እስከ ጊምቢ፣ ደቀ መዝሙርነት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የአዲስ አማኞች ትምህርት ነው። ያመነ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ይማራል፣ ይጠመቃል፣ በአባልነት ይመዘገባል። ትምህርቱ አስፈላጊ ነው። ደቀ መዝሙርነት እዚያ ላይ ከቆመ ግን ወንጌልን ወደዚህ ምድር ያመጡ ሰዎች ለምን ያን ያህል እንደ ደከሙ ማስረዳት አንችልም። ደቀ መዝሙር ማለት ክርስቶስ ለሞተላቸው ሰዎች ሲል ምቾቱን፣ ክብሩንና ደኅንነቱን ዕለት ዕለት የሚለቅ ሰው ነው። የወለጋ የወንጌል ታሪክ ከመጀመሪያው ገጹ ጀምሮ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ለባርነት ተዳረጉ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጡ፤ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተምረው በ1872 ተጠመቁ፤ ቀጥሎም ስዊድን ሄደው ተማሩ። ነፃነትም ዕውቀትም ያገኘ ሰው በሰላም ተቀምጦ መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ግን በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነሡ። መንገዱ አልሳካ ሲላቸው ተመልሰው ወደ ትርጉም ሥራ ገቡ።

እዚህ ላይ የአስቴር ጋኖ ስም ሊዘለል አይገባም። እሳቸውም በባርነት ወደ ዓረብ አገር ሲጓጓዙ እ.ኤ.አ. በ1886 በኢጣሊያ መርከብ ነፃ የወጡ ናቸው። ኦነሲሞስ ከወገናቸው በልጅነት በመለየታቸው የጎደላቸውን የቋንቋ ሀብት የሞሉት አስቴር ናቸው፤ ቃላትን ሰበሰቡ፣ ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን መዘገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ የታተመው በዚህ ድካም ነው። የአስቴር አገልግሎት ብዙ ጭብጨባ አላገኘም። ደቀ መዝሙርነት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያይ፣ በትዕግሥት፣ ለሚመጣው ትውልድ።

በዚያው ዘመን ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በምዕራብ ወለጋ ቦጂ ደርሰው ያስተምሩ ነበር። ኦነሲሞስና አስቴርም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው፣ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ግዛት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦነሲሞስ ተከስሰው አዲስ አበባ ቀረቡ። አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱም እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። ኦነሲሞስ ከተማውን ጥለው አልሄዱም። ስብከት ቢታገድም ልጆችን ማስተማር ይቻል ነበርና በዚያ ጸኑ፤ ልጅ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1916 እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ዓመታት አለፉ። በ1931 ያረፉትም እዚያው ነቀምቴ ነው። መድረክ የተነፈገ ሰው አገልግሎቱ እንደማይቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ከቦጂ የተነሡት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ የደቀ መዝሙርነትን ጥያቄ ወደ መንግሥትና ወደ ኅብረተሰብ አደባባይ አወጡት። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ የምዕራቡን ዓለም ለጋሾች ሞገተ፤ ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል መንፈግ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ መክፈል ነው የሚል ነበር። የተራበን ያላበላ ወንጌል ጎዶሎ ነው፤ ነፍስን የረሳ ልማትም ጎዶሎ ነው። ደርግ በቤተ ክርስቲያን ላይ በተነሣ ጊዜ ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሐምሌ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳም ስቃይና ረጅም እስር ተቀበሉ።

ይህ ሁሉ ለጀግኖች ብቻ የተሰጠ ጥሪ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሁሉም ለሞት አልተጠራም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኦነሲሞስ ክፍል ውስጥ፣ አስቴር በቃላት መዝገብ ላይ፣ ቄስ ጉዲና በጽሕፈት ቤት ያደረጉት ሥራ ከዕለት ኑሮ የራቀ አልነበረም። መጨረሻቸውን ያጸናው የዕለት ታማኝነታቸው ነው። በትንሹ ዋጋ ያልከፈለ ሰው በትልቁ ቀን ድንገት ሊከፍል አይችልም።

የዛሬው ወለጋ ይህን የዕለት ታማኝነት በከባድ መንገድ ይጠይቀናል። ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት ብዙዎች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ የፈሰሰው የንጹሐን ደም አይረሳም። በዚህ ጊዜ ደቀ መዝሙር የሚታወቀው ቋንቋው የተለየውን ጎረቤቱን በቤቱ ሲያስጠጋ፣ ሐሰተኛ ወሬን ለማሰራጨት እምቢ ሲል፣ በወገኑ እጅ የተፈጸመውንም በደል በደል ብሎ ሲጠራ ነው። ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ ወዳጅ ያሳጣል፣ ያስጠረጥራል።

ስለዚህ የአጥቢያ መሪዎች ሆይ፣ የተመዘገቡትን ከመቁጠር አልፋችሁ የተጠመቁት ከአምስት ዓመት በኋላ ማንን እያገለገሉ እንደሆነ ጠይቁ። እያንዳንዳችንም ክርስቶስን መከተል እስካሁን ምን እንዳስተወን እንመርምር። መልሱ ምንም ከሆነ አባል ሆነናል እንጂ ገና አልተከተልነውም።